አንታልያ ባሕር ዳር ቅንጡ ሆቴል ማረፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ነሐሴ እኔና ባለቤቴ ከቨርጂኒያ፣ እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስተን ኢስታንቡል ተገናኝተን አንታልያ 8 ሌሊት አደርን። ፎቶ ለጠፍኩ፣ ከዛ ወዲህ ኢንቦክሴ አላረፈም፣ የሚገርመው ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ለምን አንታልያ? ቱርክ ከተሄደ ኢስታንቡል አይሻልም?

ኢስታንቡል ሌላ ነገር ነው፣ አልከራከርም፣ ግን እዛ ከሆቴልህ ወርደህ ባሕር ውስጥ አትገባም። አንታልያ ሁለቱም አለ፣ ባሕሩም አሮጌው ከተማም። ከተማዋን የቆረቆራት የጴርጋሞን ንጉሥ አታሎስ 2ኛ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት፣ ስሟም አታሌያ የተባለው በሱ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ጳውሎስና በርናባስ ከጴርጌን ወርደው በመርከብ ወደ አንጾኪያ የሄዱባት ወደብ ይቺው ናት። እማዬ ይሄን ስነግራት ነው ለጉዞው እሺ ያለችው፣ እስከዛ ድረስ «ባሕር ለማየት ይሄ ሁሉ ገንዘብ» እያለች ነበር።

የትኛው ሰፈር ሆቴል ልያዝ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «አንታልያ ባሕር ዳር ባለ 5 ኮከብ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው ካሌይቺ ነው፣ አሮጌው ከተማ፣ በግንብ የተከበበው። እዚህ ያሉት የኦቶማን ዘመን የእንጨት ቤቶች ታድሰው ሆቴል የሆኑ ናቸው፣ ትንንሽ፣ አንዳንዱ 10 እና 15 ክፍል ብቻ፣ ግቢው ውስጥ የብርቱካን ዛፍ አለ። ከበሩ ስትወጡ በ130 እ.ኤ.አ. (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ሲመጣ የተሠራለት ባለ ሦስት ቅስት በር በእግር ደቂቃዎች ነው፣ ወለሉ ላይ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው ድንጋይ ሳይቀር ይታያል። ችግሩ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ መኪና እንደልብ አይገባም፣ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ነው የምትደርሱት፣ ማታ ደግሞ አንዳንዱ ጥግ ላይ የባር ሙዚቃ አያስተኛም።

ሁለተኛው ገደሉ ላይ ያሉት ትልልቅ የከተማ ሆቴሎች ናቸው። አንታልያ እኮ የተሠራችው ባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ገደል ላይ ነው፣ ከክፍላችሁ በረንዳ ሜዲትራኒያንና ማዶ የቶሮስ ተራሮች ይታያሉ፣ እይታ ከሆነ የምትፈልጉት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ግን አሸዋ የለም። በሊፍት ወይ በደረጃ ወርዳችሁ የእንጨት መድረክ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ከዛ መሰላል፣ ከመሰላሉ ቀጥታ ጥልቅ ውሃ።

ሦስተኛው ላራና ኩንዱ ነው፣ ከከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ኤርፖርቱን አለፍ ብሎ። አሸዋው ጥሩ የሆነው እዚህ ነው፣ ኢንስታግራም ላይ የምታዩዋቸው ግዙፎቹ ሆቴሎችም እዚሁ ናቸው። አንዱ የታይታኒክ መርከብ መስሎ ተሠርቷል፣ አንዱ የሞስኮን ክሬምሊን፣ አንዱ ኮንኮርድ አውሮፕላን። በ2009 የተከፈተው ማርዳን ፓላስ የሚባለው ደግሞ ከነወርቅ ቅቡ ሲከፈት በዓለም ዜና የወጣ ነው። ምቾቱ እውነት ነው፣ ግን ልክ እዛ ከገባችሁ በኋላ አንታልያ ይሁን ዱባይ አታውቁትም፣ በቃ ግቢው ውስጥ ሳምንቱ ያልቃል።

እኛ 3 ሌሊት ካሌይቺ፣ 5 ሌሊት ላራ አደረግን፣ ድጋሚ ብሄድም እንደዛው ነው የማደርገው፣ ካሌይቺን በመጀመሪያ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ላራ ላይ ሰውነታችሁ ይሰንፍና ካሌይቺ ስትመጡ ደረጃው ያማርራችኋል።

ኮንያልቲ የሚባልም አለ በምዕራብ በኩል፣ ረጅም ቢች፣ ውሃው በጣም ጥርት ያለ፣ ግን ጠጠር ነው፣ የውሃ ጫማ ካልያዛችሁ እንደ እሳት ላይ ነው የምትራመዱት።

ኦል ኢንክሉሲቭ ሲባል በእውነት ሁሉም ነገር አለበት?

ቱርኮቹ «ሄር ሸይ ዳሂል» ይሉታል፣ ሁሉም ነገር ተካቷል ማለት ነው፣ ግን «ሁሉም» የሚለው ቃል እንደየሆቴሉ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ቡፌ፣ በመሃል ሻይና ኬክ፣ ሌሊት ሾርባ፣ የአገር ውስጥ መጠጥ፣ ፑል፣ የቢች ወንበርና ፎጣ፣ ማታ ማታ ሾው፣ ይሄ ብዙ ጊዜ አለበት። የውጭ ውስኪ፣ ማሳጅ፣ ቢች ላይ ያለው ጥላ ያለው አልጋ፣ የሞተር ጀልባ ምናምን ተጨማሪ ነው። «አልትራ» የሚል ከተጨመረበት ዝርዝሩ ሰፋ ይላል፣ ግን ዝርዝሩን ሳታነቡ አትክፈሉ፣ ሆቴሎቹ ኮንሴፕት የሚሉት ወረቀት አላቸው፣ በኢሜይል ጠይቁ ይልካሉ።

ከቡፌው ሌላ አላካርት የሚባሉ ሬስቶራንቶች አሉ፣ ዓሣ፣ ጣልያን፣ ኦቶማን ምናምን፣ ቀጠሮ ያስፈልጋቸዋል፣ ቀጠሮው ደግሞ ገና በገባችሁ ቀን ካልያዛችሁ አለቀ ነው የሚሏችሁ። እኛ በሦስተኛው ቀን ነው የነቃነው።

የፑል ወንበር ነገርም ልንገራችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ጸሎቷን ጨርሳ በረንዳ ስትወጣ ሰዎች በፒጃማ ወርደው ወንበር ላይ ፎጣ እያነጠፉ ተመልሰው ይተኛሉ። «ለቅዳሴ እንዲህ ቢነሱ» አለች። ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ አለ፣ የሚያነበው የለም።

ጾም ላይ ነን፣ የሚበላ ነገር እናገኛለን?

እንደውም ከጠበቅኩት በላይ። እኛ የሄድነው ፍልሰታ ላይ ነበር፣ እማዬ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም። የቱርክ ምግብ ውስጥ «ዘይቲንያሊ» የሚባል ሙሉ ክፍል አለ፣ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚበላ፣ ፎሶልያ፣ ደበርጃን፣ አርቲቾክ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ይሄ እንግዲህ ማንም ጾም ብሎ ሳይሰይመው የጾም ምግብ ነው። ሁሙስ አለ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትክቶ የሚሠራ «ኤዝሜ» የሚባል አለ፣ ከኛ የቲማቲም ሰላጣ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፣ የወይራ ፍሬውና ፍራፍሬው ማለቂያ የለውም።

የሚያሳስቱ ግን አሉ። የምስር ሾርባቸው (መርጂመክ) ንጹሕ ይመስላል፣ ግን ቅቤ ወይ የሥጋ መረቅ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቁ። የአንታልያ ፒያዝ የሚባለው በጣሂና (የሰሊጥ ቅቤ) የሚለወስ የነጭ ቦሎቄ ሰላጣ የከተማዋ መታወቂያ ነው፣ በጣም ይጣፍጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ላዩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ይደረግበታል። ሦስት ቃል ያዙ፦ «ኤትሲዝ» ያለ ሥጋ፣ «ሱትሱዝ» ያለ ወተት፣ «ዩሙርታሲዝ» ያለ እንቁላል። ቬጋን የሚለውንም ትልልቆቹ ሆቴሎች ያውቁታል።

ሰዓቱ ነው ትንሽ ያስቸገረን፣ እማዬ እስከ 9 ሰዓት ስለምትቆይ የምሳ ቡፌው ተነስቶ ይጠብቃታል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ፑሉ አጠገብ ጎዝለሜ የምትጋግረዋ ሴትዮ ናት፣ ሊጡን በቀጭን ዘንግ ዳምጣ ምጣድ ላይ ትጥለዋለች፣ በድንች ወይ በስፒናች፣ አይብና ቅቤ አታድርጊ ብለን አንዴ ካስረዳናት በኋላ በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ እማዬን ከሩቅ ስታያት ምጣዱን ታሰማ ነበር። ቋንቋ አይግባቡም፣ ስለ ምጣዱ ግን በእጅ ያወራሉ።

ሙስሊም ነን፣ ሴቶች ለብቻ የሚዋኙበት አለ?

አለ። አንታልያና አላንያ አካባቢ «ሄላል ኦቴል» ተብለው የሚሠሩ አሉ፣ የሴቶች ፑልና ቢች ለብቻው የተከለለ፣ አልኮል የማይሸጥባቸው። በመደበኛው ሆቴልም ብዙ ሴቶች ሙሉ ሰውነት በሚሸፍን የዋና ልብስ ይገባሉ፣ የዋና ልብስ ጨርቅ እስከሆነ ድረስ። ሥጋው በአብዛኛው ሐላል ነው፣ ለውጭ ቱሪስት ብለው የአሳማ የሚያቀርቡ ጥቂት ሪዞርቶች ስለማይጠፉ ግን ስትይዙ ጠይቁ።

ዋና አልችልም፣ ገንዘቤን ማባከን ነው?

እኔም አልችልም። ያደግኩት ጉለሌ ነው፣ ከየት አምጥቼ። ላራ ላይ አሸዋው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ብዙ ርቀት ገብታችሁ ውሃው ወገብ ላይ ነው። ኮንያልቲ ቶሎ ይጠልቃል፣ ገደሉ ስር ያሉት መድረኮች ደግሞ ለማይዋኝ ሰው አይሆኑም፣ ይሄን ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት አስቡት። ቢቹ ላይ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ፣ ማዕበሉ ከላይ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም እግር ስር ይስባል።

ሆቴሉ ቢቹ የኔ ነው ብሎ ከለከለን፣ ይችላል?

ወንበሩና ጥላው የሱ ነው፣ ባሕሩ አይደለም። የቱርክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 የባሕር ዳርቻ በመንግሥት ሥር ነው ይላል፣ በ1990 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግም ለማንም ሰው በእኩል ክፍት ነው ይላል። በተግባር ግን መግቢያው በሆቴሉ ግቢ ከሆነ ማለፉ ጭቅጭቅ አለው፣ ለዕረፍት ሄዳችሁ ከጥበቃ ጋር ሕግ አትከራከሩ፣ ትንሽ ሄድ ብሎ የሕዝብ ቢች አለ። ንጽሕናው አያሳስባችሁ፣ አንታልያ ክፍለ ሀገር ብቻ ከ200 በላይ ሰማያዊ ባንዲራ (የንጽሕና ምስክር) ያላቸው ቢቾች አሏት።

ቪዛስ?

እዚህ ላይ ፓስፖርታችሁ ነው የሚወስነው። የአሜሪካና የካናዳ ፓስፖርት ያለው ከ2023 መጨረሻ በወጣው ውሳኔ ለቱሪዝም ያለ ቪዛ ይገባል፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአየርላንድ ወይ የሸንገን የጸና ቪዛ ወይ መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ኢቪዛ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ቅድመ ሁኔታውን የቱርክ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኢቪዛ ገጽ ላይ ዜግነታችሁን መርጣችሁ እዩ፣ ሌላ አስመሳይ ድረ ገጽ ላይ ካርዳችሁን እንዳታስገቡ፣ እሱ ብዙ አለ። የገልፍ አገር ኢቃማ (መኖሪያ ፈቃድ) ለዚህ አይቆጠርም፣ ከዱባይና ከሪያድ የምትጠይቁኝ እህቶች ይሄን ልብ በሉ።

እማዬ አዲስ አበባ ነው በወረቀት ያመለከተችው፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የኔ የግብዣ ደብዳቤ። ጊዜ ይወስዳል፣ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ተመላሽ የማይሆን ሆቴል በፍጹም አትክፈሉ።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ቀጥታ በረራ አለ፣ ከዛ አንታልያ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ተጠንቀቁ፣ ኢስታንቡል ሁለት ኤርፖርት አላት፣ አንዱ በአውሮፓ በኩል፣ አንዱ ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው በእስያ በኩል፣ ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብላችሁ በአንዱ ወርዳችሁ ከሌላው የሚነሳ ከያዛችሁ በመሃል ያለው የመኪና መንገድ ትራፊኩ ጋር ተደምሮ ግማሽ ቀን ይበላችኋል። አንታልያ ኤርፖርት ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትራም አለ፣ ታክሲም አለ፣ ላራ ያሉት ሆቴሎች ብዙዎቹ ትራንስፈር ይልካሉ፣ ጠይቁ።

መቼ ነው የሚሻለው? ዋጋውስ?

ሐምሌና ነሐሴ ውድም ሞቃትም ነው፣ ከሰዓት ላይ ፀሐዩ ጨካኝ ነው፣ ውሃው ራሱ ለብ ብሎ ሻወር ይመስላል። ግንቦት መጨረሻ፣ መስከረምና ጥቅምት ይሻላል፣ ጥቅምት ውስጥ ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም፣ ዋጋው ግን ወርዷል። በነሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ዝናብ ነው፣ አንዳንዱ ሪዞርትም ይዘጋል።

ዋጋ ቁጥር እንዳልሰጣችሁ ወዲያው ነው የሚያረጀው። ቅንጡዎቹ ሆቴሎች በዩሮ ነው የሚያስቡት፣ ስለዚህ ሊራ ወረደ ብላችሁ ሆቴሉ ይረክሳል ብላችሁ አትጠብቁ። 2 በመቶ የመኝታ ግብር ከ2023 ጀምሮ አለ፣ ዋጋው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እዩ። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቡኪንግ ዶት ኮም ከ2017 ጀምሮ በፍርድ ቤት ውሳኔ ቱርክ ውስጥ ሆናችሁ የቱርክ ሆቴል አያስይዝም፣ አገር ከመግባታችሁ በፊት ያዙ። ሪሴፕሽን ላይ ፓስፖርት ሲወስዱባችሁ አትደንግጡ፣ እንግዳን ለፖሊስ ማስመዝገብ ግዴታቸው ነው፣ ኮፒ አድርገው ይመልሳሉ።

ሃማሙ እንዴት ነው? ማፈር አለ?

ትልልቆቹ ሆቴሎች ሃማም አላቸው፣ መግባት ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፣ የሚከፈለው የሚያሽ ሰው ከፈለጋችሁ ነው። «ኬሴ» ሻካራ ጓንት ነው፣ «ኮፑክ» አረፋ። አሺዋ የጋለ እምነበረድ ላይ ታስተኛችሁና በጓንቱ ስትፈትግ ከሰውነታችሁ የሚወጣውን ጥቁር ነገር ስታዩ ዕድሜ ልኬን ታጥቤ አላውቅም እንዴ ትላላችሁ። ፔሽተማል የሚባል ጨርቅ ታገለድማላችሁ፣ የዋና ልብስም ይፈቀዳል። ሴት እንድትሆንላችሁ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሆቴል ውስጥ ወንድ ሊመጣ ይችላል። እማዬ የሃማሙ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

ከሆቴል ወጥተን ምን እንይ?

ጴርጌን፣ ያቺ ጳውሎስ የተነሳባት የጥንት ከተማ ፍርስራሽ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ጥላ የለም። ዓምዶቹ መሃል በመንገዱ ርዝመት የተዘረጋ የውሃ ቦይ ነበረ፣ አሁንም ቅርጹ አለ። የከተማዋን ታላቁን በር በ2ኛው መቶ ዓመት ያሳመረችው ፕላንኪያ ማግና የምትባል ሴት ናት፣ በገዛ ሀብቷ። አስፔንዶስ ራቅ ይላል፣ ቲያትሩ ግን ከሮማውያን ዘመን ከተረፉት ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ከቆዩት አንዱ ነው፣ እስከ ዛሬ ኦፔራ ይታይበታል። ዱደን ፏፏቴ ደግሞ ላራ መንገድ ላይ ከገደሉ ቀጥታ ባሕር ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ከአሮጌው ወደብ በጀልባ ሄዳችሁ ከታች እዩት።

ለእማዬ የጉዞው ጉልላት ደምሬ ነበር፣ የጥንቷ ሙራ፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን። ከአንታልያ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ መንገዱ በባሕሩ ጠርዝ ይጠማዘዛል፣ የሚያቅለሸልሻችሁ ሎሚ ያዙ። ዐፅሙን በ1087 የጣልያን መርከበኞች ወደ ባሪ ወስደውታል፣ የቀረው የተሰበረ የድንጋይ መቃብርና ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ሥዕሎች ናቸው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ላይ ስትቆም የቱሪስቱ ግርግር እንኳን ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያለ መሰለኝ።

ቱር ስትይዙ ግን ርካሹን አትያዙ። እኛ መንገድ ላይ ከተሠራች አንዲት ትንሽ ቢሮ የቀን ጉዞ ገዝተን የቆዳ ጃኬት መሸጫ ውስጥ በነሐሴ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡን፣ ከዛ ደግሞ ወርቅ ቤት።

ጥቁር ስለሆንን የተለየ ነገር ያጋጥማል?

ማየት ያዩሃል፣ በተለይ ከሆቴል ውጪ፣ ሁለት ጊዜ ፎቶ አብረን እንነሳ ተብለናል፣ ከዚህ የዘለለ እኛ አላጋጠመንም። ከኢትዮጵያ ነን ስንል ትልልቆቹ ሰዎች «ሀበሽ!» ይሉና ቢላል ሀበሺን ያነሳሉ፣ አንድ ሻይ ሻጭ በዚህ ምክንያት ሻዩን አላስከፍልም ብሎ ከባለቤቴ ጋር ሊጣላ ነበር። ሆቴል ውስጥ ግን አንድ ቀን ምሽት አላካርቱ በር ላይ አስተናጋጁ ሌላውን ሁሉ እያሳለፈ የኛን የእጅ አምባር (የሆቴሉ እንግዳ መሆናችንን የሚያሳየውን) ሁለቴ አየ። ባለቤቴ ይረሳዋል፣ እኔ አልረሳሁትም።

ቻርጀር፣ ሰዓት፣ ውሃ፣ ጉርሻ?

ሶኬቱ ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ነው፣ ከአሜሪካና ከገልፍ የምትመጡ አዳፕተር ያዙ። ሰዓቱም ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ነው። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ክፍል ለሚያጸዱት ግን በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሊራ ተዉ፣ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ቼክ አውት 6 ሰዓት ነው፣ በረራችን ሌሊት ነው፣ ምን እናድርግ?

በዋዜማው ሪሴፕሽን ሄዳችሁ ዘግይቶ መውጣት ስንት ነው በሉ፣ ሆቴሉ ካልሞላ አንዳንዴ በትንሽ ነገር ይሰጣሉ። ካልሆነ ሻንጣ በነጻ ያስቀምጡላችኋል፣ ሻወር የሚወሰድበት ክፍልም አለ፣ ብቻ የሚቀየር ልብስ በእጅ ቦርሳ ለይታችሁ ያዙ፣ እኛ ሻንጣውን እየፈታን ሎቢ ውስጥ መሳቂያ ሆነናል። ምሳ መብላት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ሆቴል ልክ 6 ሰዓት ሲሆን አምባሩን በመቀስ ቆርጦ ይወስዳል። የኛ አልቆረጠም፣ እማዬ አምባሯን አድርጋ ነው ቦሌ የወረደችው።